ዘግይቶ የሚመልሰው ቦይለር

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ቦይለር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ስለ ራሴ ላወራ አልተቀመጥኩም፤ ስለ ራሴ የማነሣው ስለ እሷ ለመናገር ግድ ሲሆንብኝ ብቻ ነው። ሚስቴ ይህን ስትሰማ ከጓዳ ሆና ትስቃለች። ትሳቅ፣ ጥርስ አላት።

የማወራላችሁ ስለ መርፌ ነው። መርፌ የእናት አባት ስሟ አይደለም፤ የሳሙና ፋብሪካችን ሠራተኛ ያወጣላት ነው። ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም፣ ክሳቷም ነፋስ የሚወስዳት ያስመስላታል፤ አፏን ስትከፍት ግን ትወጋለች። ሥራዋ አሮጌ ማሽንን ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ማነጋገር ነው። «ይህም ሥራ ሆኖ?» ብዬ ነበር መጀመሪያ ስሰማ። አፌን በቆረጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ቦይለር መቆጣጠሪያ የጥንት ነው። የሚያወራው በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ነው፣ ሲሪያል ይሉታል። ከጠየቁት ይመልሳል፤ ካልጠየቁት እስከ ምጽአት ዝም ነው። በቢሮ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ኢተርኔት በሚሉት የኔትወርክ ገመድ ካልሆነ ሰላምታም አይቀበል። ሁለቱን የምታገናኝ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሳጥን አለች፣ ጌትዌይ ትባላለች። ሽቦዎቹ በአንድ ጎኗ ይገባሉ፣ ገመዱ በሌላው። ሳጥኗን ብር ያለው ሁሉ ይገዛታል። ማንን ምን እንደምትጠይቅ፣ በምን ፍጥነት እንደምታወራ፣ መልስ እስኪመጣ ስንት እንደምትጠብቅ መንገር ግን የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። «በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ የለም» ትላለች መርፌ። ሲሏት ሰምታ ሳይሆን ራሷ ናት የምትለው። እውነቷን ስለሆነ ማንም አይከራከራትም።

አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ያደገችው ሆዳቸው በተዘረገፈ ሬዲዮኖች መሀል ነው። እናቷ ነርስ እንድትሆን ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው «እንግዲህ ሽቦሽን አግቢው» ብለው ተዉዋት። መጀመሪያ የተቀጠረችው ማተሚያ ቤት ነው። እዚያ ሦስት ወንዶች ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ማሽን አልናገር ብሏቸው ሲለፉ እሷን ሻይ አምጪ ብለው ላኳት። ሻዩን አምጥታ፣ ኩባያዎቹን አስቀምጣ፣ «ሁለቱን ሽቦ አቀያይራችሁ ነው ያሰራችሁት» ብላ ወጣች። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ማሽኑ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ሻይ አምጪ ያላት ሰው የለም፣ ባሏም ጭምር። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። «እኔ ቤት ውስጥ ተራ ጠብቄ ነው የምመልሰው» እያለ ይቀልድባታል።

የእኛን ሳጥን ልትገጥም የመጣች ቀን ከጎኗ ቆሜ አየኋት። በመቆጣጠሪያው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ከፀጉሯ ባወጣችው የፀጉር ማስያዣ ትገፋቸዋለች። ነጭ ፕላስተር ቆርጣ የእያንዳንዱን አድራሻ በእስክሪፕቶ ጽፋ ትለጥፋለች። ሽቦውን ጎተት አድርጋ እንደማይወልቅ ሳታይ ክዳን አትዘጋም። ሥራ ስወድ ሰው እወዳለሁ፤ ወደድኳት። በመጨረሻ እጇን ጠርጋ ምን አለችኝ?

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ደብተርዎ ይረፍ። ሁሉም ነገር እዚያ ቢሮ ራሱ ይመዘገባል።»

«ደብተሬ የሚያርፈው እኔ ሳርፍ ነው» አልኳት።

ደብተሬ ማለት ያው ደብተር ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ሦስት ነገር እጽፍበታለሁ፦ የእንፋሎቱን ግፊት፣ የውሃውን መጠን፣ የእንፋሎቱን ሙቀት። ግፊት ስድስት፣ ውሃ ከመቶ ሰባ አንድ፣ ሙቀት መቶ ስልሳ አምስት፤ እንዲህ። ከሦስቱ አጥንቴ ድረስ የምፈራው ውሃውን ነው። ውሃ ያነሰው ቦይለር ቦምብ ነው። ጣሪያውን፣ እኔን፣ ሳሙና የሚጠቀልሉትን ሴቶች ይዞ ነው የሚሄደው።

ሳጥኗ ከተገጠመች ከአርባ ቀን በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ልጅ እግር ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም። ወንበር ሰጠኝና ወረቀት ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ ይህ የኮምፒውተሩ መዝገብ ነው። በእርስዎ ፈረቃ አሥራ አራት ጊዜ ውሃው እስከ ስድስት በመቶ ወርዷል። በደብተርዎ በዚያው ሰዓት የተጻፈው ሰባ አካባቢ ነው። በሌሎቹ ሁለት ፈረቃዎች አንድም ቀን አልወረደም።»

ሳቅኩ። የእብድ ወሬ ሲሰማ ሰው ምን ያደርጋል?

«ውሃ ሲጎድል የሚጮኸው ደወልስ? አንድ ቀን ሲጮኽ የሰማ አለ?» አልኩት።

«ደወሉንም ዘግተውት ይሆናል የሚል ሐሳብ ቀርቧል» አለኝ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ስንት ሰው አሳልፌ፣ ስንት ሌሊት ቆሜ፣ ደወል ዘግቶ በውሸት የሚጽፍ ተባልኩ! «ሳጥኗ ናት የዋሸችው! የገጠመችውን ጥሯት!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ኩባያው ተገለበጠ፣ ወረቀቱ ራሰ፣ ለእኔም አልበጀኝ።

ጠሯት። መርፌ መጣች። ሽቦዎቹን ጎተተች፣ አድራሻዎቹን አየች፣ ከላፕቶፗ አንድ ሺህ ጊዜ ጠይቃ አንድ ሺህ ጊዜ ትክክለኛ መልስ አገኘች። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረችና «ግንኙነቱ ጤነኛ ነው። ሳጥን አይዋሽም» አለች። ፈርማም ሰጠችው። በአጠገቤ ስታልፍ ዓይኔን አላየችም። በቁሜ የቀበረችኝ ያን ጊዜ ነው፤ በሁለት ቃል።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሐሙስ እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ እስከዚያ ከሥራ ታገድኩ። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ቅጣቱ አንድ ነው፦ መባረር፣ ያውም «ሐሰተኛ ምዝገባ» የሚል ደብዳቤ ተጽፎ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የያዘን ሰው ሌላ ቦይለር ቤት ደጁንም አያስረግጠው። ያንኑ ቀን፣ ሰኞ፣ ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ኮሚቴው ግን ሐሙስ ነው። ሚስቴ ምሳ አቅርባልኝ ቆየችና ቀስ ብላ «አንተ… አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ ነገር ይዞህ ይሆን?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት! አልተቆጣኋትም። እጄን ታጥቤ ተነሣሁ፤ ምሳውም እንዳለ ተነሣ።

ማክሰኞ ከሰዓት በር ተንኳኳ። መርፌ ናት፣ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ።

«ጋሼ፣ ደብተርዎን ያሳዩኝ።»

«ምን ቀረሽ? መቃብሩን ልትለኪው መጣሽ?»

«መስደብ ከፈለጉ በኋላ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ደብተሩን መጀመሪያ።»

እንዲህ ናት። ሚስቴ ግቢ አለቻት። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬንና የኮምፒውተሩን መዝገብ ጎን ለጎን ዘረጋች።

«ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም አልጠጣሁም» አለች። «የእርስዎን ደብተር ፎቶ ሥራ አስኪያጁ ጋ አየሁት። ሰባ አንድ፣ ስልሳ ስምንት፣ ሰባ ሦስት፣ ሰባ አንድ። የሚዋሽ ሰው እንዲህ አይጽፍም። የሚዋሽ ሰው ሰባ፣ ሰባ፣ ሰባ እያለ ነው የሚሄደው። የሌሎቹ ሁለቱ ደብተር እንደዚያ ነው።»

«እና?»

«እናማ ሰባ አንድዎን ልፈልገው መጣሁ።»

ጣቷን በመዝገቡ ላይ ማስኬድ ጀመረች። መጀመሪያ የውሃው ዓምድ ላይ ቆመች፤ ስድስት ይላል። ቀጥሎ ወዳለው ወደ ሙቀቱ ዓምድ አለፈች። ጣቷ ቀጥ አለ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። በዚያች ደቂቃ የእንፋሎቱ ሙቀት ሰባ አንድ ይላል።

«ጋሼ» አለች ድምፅዋን ቀንሳ፣ «በስድስት ግፊት ላይ ያለ እንፋሎት ሙቀቱ ሰባ አንድ ይሆናል?»

«ሰባ አንድ የሆነማ ገላ መታጠቢያ ነው!» አልኩ። «መቶ ስልሳ ምናምን ነው እንጂ!»

ሌላ ቀን አየን። ደብተሬ ስልሳ ስምንት ይላል፤ የሙቀቱ ዓምድ ስልሳ ስምንት። ሌላ ቀን፤ ሰባ ሦስት፣ ሰባ ሦስት። አሥራ አራቱም። የእኔ ቁጥር አንድም ሳይጎድል አለ፣ ጎረቤት ቤት ገብቶ ተቀምጧል። የግፊቱ ስድስት ደግሞ የውሃው ቤት ገብቷል። ሚስቴ ከኋላችን ቆማ ኖሮ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ግን ገና አልገባኝም፤ «ታዲያ ምን ነካት ሳጥንሽን?» አልኩ።

መርፌ ጣቷን ሰዓቱ ላይ አኖረች። «በእነዚህ ደቂቃዎች ምን ሲሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰዓቶቹን አየኋቸው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል።

«ጭቃ አስወጣ ነበር።»

ቦይለር ከሥሩ ጭቃ ያዘቅጣል። በየፈረቃው የታችኛውን ቧንቧ ከፍቶ ጭቃውን ማስወጣት ደንብ ነው። ይፋጃል፣ ይጮኻል፣ ልብስ ያበላሻል። ውሃው ትንሽ ቀነስ ሲል ፓምፑ ወዲያው ተነሥቶ ይሞላዋል።

«ሌሎቹስ ያስወጣሉ?»

ደብተሬን ከደንኩ። የሥራ ባልደረባን ማሳጣት ደስ አይልም። እሷ ግን ገብቷት ላፕቶፗን ዘጋችና ሻይ ሳትጠጣ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ያደረገችውን የሰማሁት በማግስቱ ነው። ቦይለር ክፍል ገብታ፣ በእኔ ቦታ የቆመውን ባልደረባዬን ጭቃ አስወጣ አለችው። «ዛሬ ቀኑ አይደለም» ቢላት «ቀኑ በየቀኑ ነው» ብላ ቧንቧውን አስከፈተችው። ራሷ ላፕቶፗን ይዛ ተቀመጠች። ጭቃው እየወጣ ፓምፑ ሲነሣ አሮጌው መቆጣጠሪያ በሥራ ይወጠርና ለጥያቄ የሚመልሰው ዘግይቶ ነው፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቆይቶ። ሳጥኗ ግን የምትጠብቀው የሰከንድ ሢሶ ብቻ ነው። ግፊት ስንት ነው ትላለች፤ መልስ የለም። ትተወውና ውሃ ስንት ነው ትላለች። ያን ጊዜ የግፊቱ መልስ ዘግይቶ ይመጣል፣ ስድስት። ይህ አሮጌ ዕቃ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚልከው፤ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ አይናገርም። ሳጥኗም ስድስትን ውሃ ብላ መዘገበች። የውሃው ሰባ አንድ ሲደርስ ደግሞ ሙቀት ብላ መዘገበች። አሮጌው መቆጣጠሪያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በትክክል መልሷል፤ ያሳሳተው የምታዳምጠው ሳጥን ችኩል መሆኗ ነው።

ሐሙስ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፣ ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ። ሁለቱ የፈረቃ ባልደረቦቼም ለምስክርነት ተቀምጠዋል። መርፌ ሳትጠራ ተነሣች።

«ሰኞ ዕለት ሳጥን አይዋሽም ብዬ ፈርሜያለሁ» አለች። «ፊርማዬን አንሥቻለሁ። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ ደረጃ በደረጃ፣ ሳሙና የምትጠቀልል ሴት እንኳ በሚገባት ቋንቋ አስረዳቻቸው። ሰባ አንዱን ከዓምድ ወደ ዓምድ እያሳየች ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየና «ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ከፋብሪካ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚመጣው?» አለ።

እዚህ ላይ ማምለጥ ትችል ነበር። አዎ ብትል ማን ያውቃል? ሰው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ስንቱን ያጠፋል።

«አይደለም» አለች። «ከፋብሪካው የሚመጣው አንድ ሙሉ ሰከንድ ሆኖ ነው። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጡ ሥራዬ ያምራል ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ለምን በእሳቸው ፈረቃ ብቻ?»

መርፌ ወደ እኔ ዞረች፣ መናገሩን ለእኔ ትታ። እኔ ባልደረቦቼን አየኋቸው። አንደኛው ጫማውን ያጠናል። «ጭቃ የሚያስወጣው የእኔ ፈረቃ ስለሆነ ነው» አልኩ። «ከነገ ጀምሮ ሁላችንም እናስወጣለን፤ አይደለም እንዴ?» ሁለቱም ባንድ አፍ አዎ አሉ። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር፣ እኔ ራሴ ሳልሆን አልቀርም። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። ቅድም ክፉ ሰው አይደለም ብያለሁ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ፣ ደስታዬን ላካፍላት ግቢ ወጣሁ። መርፌ የውሃ ጋኑ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ? ድል ያደረግን ቀን ትቀመጫለሽ?»

«ጋሼ፣ እንደዚህ አሳጥሬ የገጠምኩት ሰባት ቦታ ነው።»

«ታዲያ ሄደሽ ታረዝሚዋለሻ!»

«ማርዘሙማ ቀላል ነው።» እጆቿን ጉልበቷ መሀል አስገባች። «አንዱ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ነው። ከአራት ወር በፊት ባለቤቱ ደውሎልኝ ነበር። ጠባቂው ሙቀቱን ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ ብሎ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ ግን ከዜሮ በላይ አራት ይላል፤ ማን ነው ትክክል ብሎ ጠየቀኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሄጄ እንኳ አላየሁም። ሳጥን አይዋሽም አልኩት።»

«ሰውየውስ?»

«አባረሩት።»

ምን ልበላት? «ተነሺ» አልኳት። «አብሬሽ እሄዳለሁ።» ምን ቆርጦኝ እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔ ጣጣ አልነበረም። ግን በሁለት ቃል መቀበር ምን እንደሚመስል ከሷ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ መጋዘኑ ሄድን። ባለቤቱ ሰፊ ጎረምሳ ነው። መርፌ ቆማ ነው የነገረችው። የበሩን በረዶ ሲያቀልጡ መሣሪያው እንዴት እንደሚዘገይ፣ አራቱ የሙቀት ሳይሆን የማራገቢያው ቁጥር እንደሆነ፣ አሥራ ዘጠኙ በቀጣዩ ዓምድ ተቀምጦ እንደሚገኝ በገዛ መዝገቡ አሳየችው። ፈርማ ያመጣችውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበው። «እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው» አላት። «አዎ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ባለቤቱ ፂሙን አሸት አሸት አደረገና «ሰኞ ሥራው ላይ ይገኝ በሉት» አለ። አድራሻውንም ሰጠን።

የሰውየው ቤት ከመኪና ጥገናዎቹ ጀርባ፣ ሰማያዊ የብረት በር ያለው ነው። የከፈተልን ራሱ ነው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቁምጣ ለብሶ ግድግዳ ቀለም እየቀባ ነበር። የሰው ግድግዳ እየቀባ መኖር ከጀመረ ወዲህ በቀረችው ቀለም የራሱን እያደሰ መሆኑን በኋላ ነገረኝ። መርፌ ግቡ እስኪላት አልጠበቀችም።

«አያውቁኝም» አለችው። «የመጋዘኑን ኮምፒውተር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። የተባረሩት በእኔ ቃል ነው። ተሳስቼ ነበር። እርስዎ የጻፉት ቁጥር ትክክል ነው፤ አራት ብሎ የተሳሳተው የእኔ ሥራ ነው። ለባለቤቱም ነግሬዋለሁ፣ ሰኞ ሥራዎ ላይ ይገኙ ብሏል።»

ሰውየው ብሩሹን እንደያዘ ቆመ። ቀለሙ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። ይሰድባታል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሊመታትም ይችላል ብዬ አንድ እርምጃ ቀረብኩ። ስለ ሰኞ እንኳ አልጠየቀም።

«አሥራ ዘጠኝ ነበር?» አለ።

«ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ። ልክ እርስዎ እንደጻፉት።»

አንገቱን ወደ ቤት መልሶ ሚስቱን ተጣራ። እጇን እያደራረቀች መጣች፤ እኛን ስታይ ደነገጠች። ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጠና እጁን ቁምጣው ላይ ጠረገ።

«እህቴ» አላት መርፌን፣ «እባክሽ ቅድም ያልሽውን ለሷም ንገሪያት።»